ጂኖሙና የአልጋው መዝገብ

ታማሚዋ ገና በበሩ ስትገባ ምን ይዛ እንደመጣች ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 2011 ነው። የ43 ዓመት ሴት ናት፤ የሳንባ ንቅለ ተከላ የተደረገላት፣ ከኒው ዮርክ ከተማ ተነሥታ ሜሪላንድ ግዛት ቤተስዳ ወደሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሆስፒታል የተዛወረች። በሰውነቷ ውስጥ ክሌብሲዬላ ኒሞኒዬ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ያውም ሐኪም ሁሉም አልሆን ሲለው የሚመዘውን መድኃኒት የተላመደ ዓይነት። ይህ ኋላ ላይ ዱብ ያለ ዕዳ አልነበረም። ገና ከመግቢያዋ የታወቀ ነገር ነው።

ስለዚህ ሆስፒታሉ አጥሩን አጠበቀ። ለብቻዋ ክፍል ተሰጣት። ሐኪምም ይሁን ጠያቂ፣ ጋውንና ጓንት ሳያደርግ ወደ እርሷ የሚዘልቅ የለም። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የቆየችበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። እዚያ ከነበሩት ሌሎች ሕሙማን ከጉሮሮና ከብሽሽት ናሙና እየተወሰደ ካልቸር ይደረግ ነበር፣ ባክቴሪያ ካለበት እንዲበቅልና እንዲታይ፤ ምንም አልተገኘም። ጁላይ 15 ቀን ከሆስፒታሉ ወጣች። የሆስፒታሉ የኢንፌክሽን መከላከል ቡድን እፎይ ቢል የሚፈረድበት አይመስለኝም። አደጋው በበር ገብቶ በበር የወጣ መስሏል።

ኦገስት 5 ቀን ያው ባክቴሪያ በሌላ ታማሚ ላይ ብቅ አለ። ከዚያ በሌላ፣ ከዚያም በሌላ፤ በሳምንት አንድ ሰው ገደማ። ዓመቱ ሲያልቅ ባክቴሪያው የተገኘባቸው ሕሙማን 18 ደረሱ። ከእነዚህ 11ዱ ሞቱ። ብዙዎቹ ሲጀመርም በጽኑ የታመሙ ስለነበሩ ሞቱ ሁሉ በባክቴሪያው አልተላከከም፤ 6ቱ ግን በቀጥታ በእርሱ ምክንያት እንደሞቱ ሐኪሞቹ ራሳቸው መሰከሩ።

ቦታውን ልብ በሉልኝ። በወቅቱ 243 አልጋ የነበረው፣ ሐኪሙና ተመራማሪው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠራበት፣ ገንዘብም ዕውቀትም ያልቸገረው ሆስፒታል ነው። ጓንት አላለቀበትም፣ ውኃ አልተቋረጠበትም። ይህን ታሪክ የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ሳሙና ባልነበረበት ቤት በሽታ ቢዛመት ምክንያቱን ለመፈለግ ማንም አይደክምም። ሁሉ ነገር በተሟላበት ቤት ሲዛመት ግን በየት በኩል ሾለከ ማለት የግድ ነው፤ በቤተስዳም የተጠየቀው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ስለ ባክቴሪያው ትንሽ። ክሌብሲዬላ እንግዳ ፍጡር አይደለም፤ የብዙ ጤነኛ ሰው አንጀት ውስጥ ያለ ጠብ ይኖራል። ጠቡ የሚጀምረው አቅሙ የደከመ ሰው ሳንባ፣ ደም ወይም የሽንት ቧንቧ ውስጥ መንገድ ሲያገኝ ነው። ያን ጊዜ ሐኪሙ መድኃኒት ይቀያይራል፤ ሴፍትሪያክሶን እምቢ ሲል ወደ ካርባፔኔም ቤተሰብ ይሻገራል። አዲስ አበባ ውስጥ ዘመዱን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያስታመመ ሰው ከዚህ ቤተሰብ አንዱን በስሙ ያውቀዋል፦ ሜሮፔኔም። ማዘዣውን ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞሮበታል፣ ዋጋውን ሲሰማም ደንግጧል። የቤተስዳው ክሌብሲዬላ ይህንኑ መድኃኒት ቆራርጦ የሚጥል ኬፒሲ የተባለ ኢንዛይም የታጠቀ ነበር። ኬፒሲ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ከተወሰደ ናሙና ነው፤ ከዚያ የኒው ዮርክ ሆስፒታሎችን አዳረሰ፣ ቀጥሎም ባሕር ተሻገረ። ሜሮፔኔም ሲከሽፍ በዚያን ጊዜ ከቀሩት ጥቂት መድኃኒቶች አንዱ ኮሊስቲን ነበር፤ ኩላሊት ስለሚጎዳ ለዓመታት ወደ ጎን የተተወ አሮጌ መድኃኒት። ወረርሽኙ ሲገፋ ከባክቴሪያው አንዳንዱ ኮሊስቲንንም ተላመደ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ሁለተኛው ታማሚ ባክቴሪያውን ከማን አገኘው? የመጀመሪያዋ ሴት ከወጣች ሦስት ሳምንት አልፏል። ምናልባት ሌላ ሰው ከሌላ ሆስፒታል ይዞት ገብቶ ይሆናል። ይህ ግምት የሰነፍ ግምት አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ከሚገኘው የኬፒሲ ክሌብሲዬላ አብዛኛው የአንድ ዘር ልጅ ነበርና። ላብራቶሪዎች ለዓመታት የተጠቀሙበት የዘረ መል መለያ ዘዴ የሁለቱን ታማሚዎች ባክቴሪያ ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ «ዘመዳሞች ናቸው» ከማለት አያልፍም። አንድ ጎሣ ባለበት መንደር ሌባው የእገሌ ጎሣ ነው እንደማለት ነው፤ መንደሩ በሙሉ የእገሌ ጎሣ ነው።

እዚህ ላይ የዘረ መል ተመራማሪዎቹ ገቡ። ጁሊ ሴግሬና ኢቫን ስኒትኪን ከብሔራዊ የሰው ጂኖም ምርምር ተቋም፣ በወቅቱ የሆስፒታሉን የኢንፌክሽን ቁጥጥር ይመሩ ከነበሩት አንዷ ከነበረችው ከታራ ፓልሞር ጋር ሆነው፣ ከየታማሚው የተገኘውን ባክቴሪያ ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም የዘረ መሉን ጽሑፍ በሙሉ፣ ከዳር እስከ ዳር አነበቡ። የክሌብሲዬላ ጂኖም ወደ 6 ሚሊዮን ፊደል ይጠጋል። ባክቴሪያው በተባዛ ቁጥር፣ ብራና እንደሚገለብጥ ደከም ያለ ጸሐፊ፣ አልፎ አልፎ አንዲት ፊደል ይስታል። ስሕተቷ ባክቴሪያውን ላትጎዳውም ላትጠቅመውም ትችላለች፤ ለልጅ ልጆቹ ግን ትተላለፋለች። ሁለት ሰዎች ላይ የተገኘ ባክቴሪያ አንድ ዓይነት ስሕተት ከተሸከመ ምንጫቸው አንድ ነው። ቅጂ የሚያመሳክር የግእዝ ሊቅ የትኛው መጽሐፍ ከየትኛው እንደተገለበጠ የሚደርስበት በዚሁ ስልት ነው፤ የጋራ ስሕተት የጋራ አባትን ያጋልጣል። በቤተስዳ ከ6 ሚሊዮኑ ፊደል መካከል ወረርሽኙን በሙሉ ለመከፋፈል የዋሉት ልዩነቶች 41 ብቻ ነበሩ።

እነዚያ 41 ፊደሎች የመጀመሪያውን ግምት አፈረሱት። ባክቴሪያው ከውጭ እንደገና አልገባም። የሁሉም ሕሙማን ክሌብሲዬላ ከመጀመሪያዋ ሴት የወረደ ነው። ያውም አንድ ጊዜ አይደለም፤ ከእርሷ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት የተለያየ መንገድ ወደ ሌሎች ተሻግሯል። ይህ የታወቀው በአንዲት ደስ የምትል አጋጣሚ ነው። ከሴትየዋ ናሙና የተወሰደው ከአንድ ቦታ ብቻ አልነበረም፤ ከተለያየ የሰውነቷ ክፍል የተገኘው ባክቴሪያም በጥቂት ፊደል ይለያይ ነበር። አንዱ የሕሙማን ቡድን የአንዱን ቦታ ቅጂ ሲይዝ ሌላው የሌላውን ይዞ ተገኘ። ከአንድ ቦታ ብቻ ወስደው ቢያቆሙ ኖሮ ይህ ባልታየ።

ጂኖሙ ሌላም ነገር ገለበጠ፦ ተራውን። ከሴትየዋ በኋላ መጀመሪያ የታወቀው ሰው ከእርሷ በኋላ መጀመሪያ የተያዘው ሰው አልነበረም። ባክቴሪያው ሳያማቸው፣ ሳያስላቸው፣ ሳያተኩሳቸው፣ አንጀታቸው ውስጥ ለሳምንታት ተደብቆ የቆየባቸው ሕሙማን ነበሩ። እነርሱ «ነጻ» ተብለው ከነጻዎቹ ጋር ተኝተዋል፤ ከእነርሱ ሌላው ይዞ ቀድሞ ታመመና ቀድሞ ተመዘገበ። የሦስት ሳምንቱ ዝምታ መልስ ይኸው ነው። ዝም ያለው ካልቸሩ እንጂ ባክቴሪያው አልነበረም። ጉሮሮና ብሽሽት እየታየ፣ እርሱ የተቀመጠው ከፊንጢጣ በሚወሰድ ናሙና በሚታይበት ቦታ ነበር።

እስከዚህ ያለውን ያነበበ ሰው «እንግዲህ ጂኖም የሚያነብ ማሽን መግዛት ነው» ሊል ይችላል። ታሪኩ በብዙ ቦታ የሚነገረውም እንደዚያው ነው፤ ማሽኑ ጀግና፣ ባክቴሪያው ወንጀለኛ። እኔ ግን ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 ያሳተሙትን ጽሑፍ ሳነብ ከማሽኑ ይልቅ ዓይኔ የሄደው ወደ አንድ ሥዕል ነው። በአንድ በኩል የሕሙማኑ ቁጥር ተደርድሯል፣ በሌላ በኩል ቀኑ፤ እያንዳንዱ ታማሚ በየትኛው ቀን በየትኛው ክፍል እንደተኛ በቀለም ተለይቷል። ታማሚው ከጽኑ ሕሙማን ወጥቶ ወደ ሌላ ክፍል የሄደበት፣ የተመለሰበት ቀን ሁሉ አለ። ጂኖሙ የእገሌና የእገሌ ባክቴሪያ አባትና ልጅ ናቸው ሲል፣ የተገናኙት የት ነው የሚለውን የሚመልሰው ይህ ሥዕል ነው። ሥዕሉን የሠራው ደግሞ አንዲት ነርስ ታማሚ ስትቀበልና ስታስረክብ የጻፈችው ቀን ነው።

እንዲያውም አንዳንድ ቦታ ጂኖሙና መዝገቡ ተጣሉ። ጂኖሙ ሁለት ሰዎችን ያገናኛል፤ መዝገቡ ግን በአንድ ጊዜ በአንድ ክፍል እንዳልነበሩ ይናገራል። እውነተኛው ሥራ የተጀመረው እዚህ ጋ ነው። ሁለቱን ያገናኘ፣ ናሙናው ሲታይ ንጹሕ የመሰለ ሦስተኛ ሰው አለ? ወይስ ዕቃ? በዚህ ፍለጋ መካከል ታጥቦና ተጠራርጎ «ንጹሕ» የተባለ የመተንፈሻ ማሽን ላይ ባክቴሪያው ተገኘ። የእጅ መታጠቢያ ገንዳዎች ማስወረጃ ውስጥም ተገኘ። የኋለኛው ያሳዝናል፤ ሰው እጁን ሊያነጻ የሚሄድበት ቦታ ነውና። መዝገብ ባይኖር ኖሮ ግን ጥሉ አይታይም ነበር። ጂኖሙ ብቻውን «ዘመዳሞች ናቸው» ብሎ ዝም ይላል፤ ያንኑ ደግሞ አሮጌው ዘዴም ብሎት ነበር።

ከዚያ የተወሰደው እርምጃ ከግንበኛ እስከ ዘበኛ የሚያሳትፍ ነው። ባክቴሪያው ያለባቸውን ሕሙማን ለመለየት ግድግዳ ተሠራ። ለእነርሱ ብቻ የሚመደቡ ነርሶች ተለዩ፤ ወደ ሌላው ታማሚ አይሻገሩም። የተበከለ የቧንቧ መስመር ተነቀለ። ክፍሎች በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ እንፋሎት ታጠኑ። በሆስፒታሉ ያሉ ሕሙማን ከፊንጢጣ ጭምር ናሙና እየተወሰደ ተመረመሩ፤ ዝም ብለው ተሸክመው የነበሩት የወጡት ያን ጊዜ ነው። ሰው ደግሞ ቆሞ እንዲጠብቅ ተቀጠረ፤ ሥራው ወደ ክፍሉ የሚገባ ሁሉ፣ ታላቁ ፕሮፌሰርም ቢሆኑ፣ እጃቸውን ታጥበው ጋውን መልበሳቸውን ማየት ነው። ይህን ሥራ አስቡት። እኛ ሀገር አንድ ወጣት «ዶክተር፣ እጅዎን አልታጠቡም» እንዲል ደመወዝ ተከፍሎት ቢቆም፣ የመጀመሪያውን ሳምንት እንዴት እንደሚያልፍ እንጃ። ወረርሽኙ ግን በዓመቱ መጨረሻ ቆመ። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ያው ባክቴሪያ አንድ 19ኛ ታማሚ ላይ ተመልሶ ተገኘ፤ እርሱም ሞተ።

ሆስፒታሉ የሚወቀስበት አንድ ነገር አለ፣ መዝለልም አልፈልግም። አብዛኛው ሕዝብ ወረርሽኙ መኖሩን የሰማው ሳይንሳዊው ጽሑፍ ሲታተም፣ ማለትም የመጀመሪያዋ ታማሚ ከገባች ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ባክቴሪያው ሆስፒታል መርጦ አይኖርም፤ ከኒው ዮርክ ወደ ቤተስዳ በአምቡላንስ እንደመጣ ከቤተስዳም ወደ ሌላ ሊሄድ ይችል ነበር። የጎረቤት ሆስፒታል ሐኪም በወቅቱ የማያውቀው መረጃ ለታማሚው ከሌለ መረጃ አይሻልም። ሙያዊ ጥንቃቄ ነው፣ ሳናረጋግጥ ሕዝብ አናስደነግጥም ይባል ይሆናል። አልተቀበልኩትም።

ለንጽጽር እስራኤልን እንይ፤ እዚያ የሆነው ነገር፣ ከማሽኑ ይልቅ መዝገቡ ይቅደም የሚለውን ክርክሬን ከቤተስዳም በላይ ያጠነክርልኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 ይኸው ካርባፔኔም የተላመደ ክሌብሲዬላ በእስራኤል ሆስፒታሎች ተሠራጨ። እስከ ማርች 2007 ድረስ በ27 ሆስፒታሎች 1,275 ሰው ላይ ተገኝቷል። በየሆስፒታሉ የተሞከረው ጥረት አልያዘም፤ አንዱ ሲያጠፋ ታማሚ ከሌላው ተዛውሮ እንደገና ያስገባለታልና። ያን ጊዜ የጤና ሚኒስቴሩ ጣልቃ ገባ። እያንዳንዱ ሆስፒታል ባክቴሪያው ያለባቸውን ሕሙማን ብዛትና የተኙበትን ሁኔታ በየቀኑ እንዲያሳውቅ፣ ለብቻ እንዲያስተኛ፣ ለእነርሱ ብቻ የሚሠሩ ነርሶችን እንዲመድብ ታዘዘ፤ ትእዛዙን የሚከታተል አንድ ብሔራዊ ቡድንም ተቋቋመ፣ ሆስፒታሎችን በአካል እየሄደ ያይ ነበር። በወር ሲሰላ ከ100,000 የታማሚ ቀናት ውስጥ 55.5 የነበረው አዲስ ተያዥ በሜይ 2008 ወደ 11.7 ወረደ። ያን ጊዜ የየታማሚውን ባክቴሪያ ጂኖም የሚያነብ ሆስፒታል አልነበረም። ቁጥሩን ያወረደው ማን የት እንደተኛ በየማለዳው የሚጠይቅ አንድ አለቃ መኖሩ ነው።

ታዲያ ጂኖሙ ለምን ያስፈልጋል? መዝገብ ብቻውን ደግሞ ይዋሻል፤ በእንግሊዝ ካምብሪጅ የሆነው ይህ ነው። ሮዚ በተባለው የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ኤምአርኤስኤ የተባለ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ በስድስት ወር ውስጥ 12 ሕፃናት ላይ ተገኘ። በመካከሉ ምንም የማይገኝበት ረጅም ክፍተት ስለነበረ፣ ወረርሽኝ ነው ወይስ የተበታተነ አጋጣሚ የሚለውን የኢንፌክሽን ቁጥጥር ቡድኑ በተለመደው መንገድ መወሰን አቃተው። የሻሮን ፒኮክና የባልደረቦቿ ቡድን ጂኖሙን ሲያነብ አንድ ወረርሽኝ ሆነ፤ እንዲያውም ከሆስፒታሉ ወጥቶ ወላጆች ጋ፣ ከወላጆችም ወደ ማኅበረሰቡ ደርሶ ነበር። በድምሩ 26 ሰዎች። ክፍሉ ተጠርጎ ታጠበ፣ አለቀ ተባለ። 64 ቀን ያለ አንዳች ነገር ካለፈ በኋላ አንድ ሕፃን ላይ እንደገና ብቅ አለ። በመዝገቡ መሠረት ይህ አዲስ ነገር መሆን ነበረበት። ጂኖሙ ግን ያው ነው አለ። እንግዲያው በ64ቱ ቀን የት ተቀምጦ ቆየ? 154 ሠራተኞች ተመረመሩና አንድ ሠራተኛ ላይ ተገኘ። ሰውዬው ወይም ሴትየዋ ማን እንደሆኑ አልተነገረም፤ ሊነገርም አይገባም። ታክመው ባክቴሪያው ጠፋላቸው።

     

አሁን ወደ ሀገራችን። ነገሩ የሩቅ ሰው ጭንቀት እንዳይመስል አንድ ቁጥር ላስቀምጥ። ባርናርድስ በተባለውና ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት የአፍሪካና የደቡብ እስያ ሀገሮች በተካሄደው ጥናት፣ ከኖቬምበር 2015 እስከ ዲሴምበር 2017 ድረስ 36,285 ጨቅላ ሕፃናት ተመዘገቡ። በካልቸር የተረጋገጠ የደም መመረዝ የተገኘባቸው 2,483 ናቸው። ከእነዚህ የ916ቱ ባክቴሪያ ሙሉ ጂኖሙ ተነበበ። ከሁሉ በላይ የተገኘው ማን ይመስላችኋል? ክሌብሲዬላ ኒሞኒዬ። 258 ጊዜ። የቤተስዳዋ ሴት የተሸከመችው ያው ዝርያ ነው፤ እዚህ ግን የሚያገኘው ገና ስም ያልወጣላቸውን ነው።

የሚጎድለን ማሽኑ ብቻ ቢሆን መፍትሔው ቀላል በሆነ። ጂኖም የሚያነቡ መሣሪያዎች ዛሬ በእጅ እስከሚያዙ ድረስ አንሰዋል፤ በኮቪድ ጊዜም ሀገር ውስጥ የቫይረስ ጂኖም ተነቧል፤ ሙያው ያላቸው ልጆች አሉን። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ግማሽ፣ መዝገቡ ነው። አክስቴ ታማ ያስታመምኩበትን ሆስፒታል ስም አላነሣም፤ ያለ በደል ያስታመሟትን ሰዎች ማሳጣት ይሆናል። በ19 ቀን ውስጥ አራት ጊዜ አልጋ ቀይራለች። መጀመሪያ ድንገተኛ ክፍል በስትሬቸር ላይ፣ ከዚያ ኮሪደር፣ ከዚያ ስድስት ሰው በተኛበት ክፍል በመስኮቱ በኩል፣ መጨረሻ ላይ በበሩ በኩል። በመስኮቱ በኩል ሳለች ትኩሳት ጀመራት። ካልቸር ታዘዘ፤ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ነው ተባለ፤ ሜሮፔኔም ፍለጋ ከተማውን ዞርኩ። ዳነች፣ ተመስገን። ስትወጣ ካርዷን አየሁት። የተጻፈው የመጨረሻው አልጋ ቁጥር ብቻ ነው። በመስኮቱ በኩል ከእርሷ በፊት ማን ተኝቶ ነበር? ከእርሷ በኋላስ? ነርሷን ጠየቅኳት። «እናቴ፣» አለችኝ፣ «ለሠላሳ ሰው ሁለት ነን። አልጋ ሲለቀቅ ሰው እናስተኛለን።» መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው።

ላብራቶሪውም ያው ነው። ካልቸሩ ይታያል፣ ውጤቱ ይጻፋል፣ ባክቴሪያው የበቀለበት ፕሌት ኦቶክሌቭ በሚባለው የእንፋሎት ማምከኛ ገብቶ ይወገዳል። ደንቡ ነው፣ ስሕተት የለውም። ነገር ግን ባክቴሪያው ከፕሌቱ ጋር አብሮ ይጠፋል፣ የሚያነበው ማሽን ከዓመት በኋላ ቢመጣ የሚያነበው ነገር የለም። ቤተስዳ ውስጥ የ41ዱ ፊደሎች ታሪክ ሊጻፍ የቻለው አንድ ሰው እያንዳንዱን ባክቴሪያ በትንሽ ቱቦ አድርጎ በፍሪዘር ስላስቀመጠው ነው። ካምብሪጅም እንዲሁ። ከ64 ቀን በኋላ የተገኘው ከቀድሞዎቹ ጋር ሊመሳከር የቻለው ቀድሞዎቹ ስላልተጣሉ ነው።

ይህ ሁሉ ወጪ የለውም አልልም። ፍሪዘር መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር፣ ጄኔሬተሩ ናፍጣ። ለሠላሳ ሰው ሁለት ነርስ በሆነበት ክፍል «የአልጋ ለውጥ መዝግቢ» ማለት ቀላል ትእዛዝ አይደለም፤ ሦስተኛ ነርስ ሳይቀጥሩ ማዘዝም ነውር ነው። ግን ከጂኖም ማሽን ጋር ሲነጻጸር የመዝገብ ደብተር ዋጋ ምን ያህል ነው? የበጀት ስብሰባ ላይ ማሽኑ ፎቶ ይነሣል፣ ሪባን ይቆረጥለታል። ደብተሩን ለማስመረቅ የሚመጣ ሹም እስካሁን አላየሁም።

ስለዚህ ሹሞቹን ትቼ እናንተን ልለምን፣ የክፍል ነርሶችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች። ሁሉንም ናሙና ማስቀመጥ እንደማይቻል አውቃለሁ። ሜሮፔኔምን የተቋቋመውን ብቻ ለዩት። ፕሌቱ ኦቶክሌቭ ከመግባቱ በፊት ከላዩ ትንሽ አንሡና በግሊሰሮል ቱቦ አኑሩት። በቱቦው ላይ ቀኑን፣ ክፍሉን፣ የአልጋውንም ቁጥር ጻፉበት።